የጣናን እጮች ያሳየችኝ አጉሊ መነጽር

ባሕር ዳር ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የገዛኋትን 10 እጥፍ የምታጎላ አጉሊ መነጽር በጣም ወድጃታለሁ። ከደንገሉ ሥርና ከከብት ኮቴ ውስጥ ውሃ ቀድቼ ነጭ ሳህን ላይ አየሁ። የወባ ትንኝ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ብላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ብሩሽ በመሰሉት የአፏ ፀጉሮች የተንሳፈፈውን ደቃቅ ምግብ እየጠረገች ስትጎርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ሄሊኮፕተር የሚመስለው ባለ ረጅም ጭራ በራሪ ነፍሳት (ድራጎንፍላይ) እጭ ግን አዳኝ ነው። አድፍጦ ቆየና የታጠፈ የታች ከንፈሩን ድንገት ወርውሮ የትንኟን እጭ ላፍ አደረጋት፤ ልጄ ጮኸ። መነጽሯ ጠርዟ ላይ ትደበዝዛለች፣ መያዣዋም ያንሸራትታል። ለልጆቻችሁ ግን ግዙላቸው። ውሃውን በጣሳ ቅዱ፤ ቢልሃርዚያ (በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ) ስላለ በባዶ እግር አትግቡ።