ፌኒክስ፣ ፍላይባይዋየር ወይስ ዚቦ? ለቤት የበረራ ሲሙሌተር አውሮፕላን ለሚመርጡ

ሦስቱንም አውሮፕላኖች፣ ማለትም በኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ውስጥ የሚበሩትን ፕሮግራሞች፣ የፈተንኩት በአንድ መስመር፣ ከቦሌ ተነስቼ ድሬዳዋ በማረፍ ነው። መስመሩን የመረጥኩት ድሬዳዋ የምኖርበት ከተማ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላኑንም የኮምፒውተሩንም ድክመት ስለሚያጋልጥ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ሲገኝ፣ የእኛው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው 3,800 ጫማ ግድም ነው፤ ሆኖም የድሬዳዋ የከሰዓት ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ለክንፉ 7,000 ጫማ ላይ እንደመብረር ይሆንበታል። በዚህ ሰዓት የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) እያሳየ፣ ነፋስ ከሌለ፣ አውሮፕላኑ መሬቱን የሚያልፈው በ155 ኖት ግድም ነው። ይህ ልዩነት በመንደርደሪያው ላይ በግልጽ ካልተሰማኝ፣ የመቀመጫው ጨርቅ የቱንም ያህል ቢያምር አውሮፕላኑን ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰላል ብዬ ለመመስከር እቸገራለሁ።

በሥርዓቶች ዝርዝር የኤርባሱ ፌኒክስ ኤ320 ከሦስቱ ይበልጣል። በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሚሠራ ሲሆን ለሽያጭ የቀረበው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሪክ፣ የሃይድሮሊክና የነዳጅ ሥርዓቶቹ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው፣ በበረራ ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ካሉት ሰርኪዩት ብሬከሮች (የኤሌክትሪክ ማቋረጫዎች) አንዱ ሲነቀል ከእሱ ኃይል የሚያገኘው መሣሪያ ሥራ ያቆማል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚካሄደው ከሲሙሌተሩ ጎን በሚከፈት የተለየ ፕሮግራም በመሆኑ ተጨማሪ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ይወስዳል። በእኔ ግምት 32 ጊጋባይት ራምና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ሰው አይመከርም።

ፍላይባይዋየር ኤ320ኒዮ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ መነሻው ከማይክሮሶፍቱ የ2020 እ.ኤ.አ. ሲሙሌተር ጋር አብሮ የመጣው አውሮፕላን ነው። በጥቃቅን ዝርዝሮች ከፌኒክስ ቢያንስም የበረራ ኮምፒውተሩና የመሪው ባሕርይ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ሥራውንም በሲሙሌተሩ ውስጥ ስለሚያከናውን ይቀልላል። ለማውረድ ሁለት ዓይነት ስለሚቀርብ፣ በየጊዜው ከሚለዋወጠው የሙከራ ስሪት ይልቅ የተረጋጋውን መምረጥ ይሻላል።

ዚቦ ግን በሌላ ሲሙሌተር፣ በኤክስ-ፕሌን 12፣ የሚበር ቦይንግ 737-800 ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ኤክስ-ፕሌን ክንፉን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ያረፈውን የአየር ኃይል ስለሚያሰላ፣ ከላይ የጠቀስኩት የሳሳ አየር ውጤት በእጄ በደንብ የተሰማኝ በእሱ ነው። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤ320 የለውም፤ 737-800 ግን ያበራል። ስለዚህ የአገራችንን በረራ በቤቱ መድገም ለሚፈልግ ሰው ዚቦ የተሻለ ነው። የምድሩም ምስል በዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ የኢንተርኔት ጥቅል በበረራ መካከል ቢያልቅ ችግር የለውም። የማይክሮሶፍቱ ግን የምድሩን ዝርዝር ምስል ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚያሳየው፤ የ2024ቱ ስሪት ደግሞ ይበልጥ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው።

ሙቀቱ የሚጎዳው ክንፉን ብቻ አይደለም። ባለፈው ግንቦት በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቴ፣ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ፣ ዝርዝሩ የበዛ አንድ አውሮፕላን ከቀትር በኋላ ሳበር በሰማይ ላይ በሰከንድ 45 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይሰጠኝ ነበር። ለማረፍ 500 ጫማ ሲቀረኝ ግን ወደ 19 ወረደ፤ ምስሉ እየተቆራረጠ አፍንጫውን የማቀናበት ቅጽበት አመለጠኝና መንደርደሪያውን በኃይል መታሁት። የላፕቶፑ ሰሌዳ እጅ አያስነካም ነበር። በማግስቱ ንጋት ላይ፣ አየር እንዲገባበት ከላፕቶፑ የኋላ እግሮች ሥር ሁለት ሁለት ቆርኪ አድርጌ፣ ያንኑ በረራ ስደግመው ከ31 አልወረደም። ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ድሬዳዋ ሆኖ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው የኮምፒውተሩን አቅም መመዘን ያለበት በጠዋት ሳይሆን በዘጠኝ ሰዓት፣ በሰማይ ላይ ሳይሆን በማረፊያው ነው።

ፍሬሙ ከወረደ የአውሮፕላኑን ዝርዝር ከመተው በፊት፣ በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር የበረራ ክፍል ስክሪኖች የሚታደሱበትን ፍጥነት ወደ መካከለኛ ዝቅ ማድረግ፣ በሩቅ የሚታየውን መሬት ዝርዝር መቀነስና ፍሬሙን በ30 መገደብ ይገባል። ሳይወዛወዝ የሚሄድ 30 ፍሬም፣ 50 ደርሶ ወደ 20 ከሚወርድ ለአብራሪ እጅ እጅግ ይሻላል።

16 ጊጋባይት ላለው ዚቦን አስቀድማለሁ፤ ኤርባስ የግድ ከሆነ ፍላይባይዋየርን። ለፌኒክስ ለመክፈል በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ስለሚያስፈልግ፣ አብዛኞቻችን ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር አለብን። ዘመድ ከማስቸገር በፊት ፍላይባይዋየርን ቢያንስ አንድ ወር ማብረር ይበጃል፤ የበረራ ክፍሉ አሠራር በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ በእሱ የተለመደው ሁሉ ፌኒክስ ሲገዛ ይጠቅማል።