ሆንዳ ሲአርኤፍ 450 አር፦ ዊሊ ለመማር ምን ያህል ይመቻል?

ዊሊ፣ ማለትም የፊት ጎማን አንሥቶ በኋላ ጎማ ብቻ መሄድ፣ ለመማር ብሎ ሲአርኤፍ 450 አር ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ገንዘቡን ይያዝ። ይህ ለሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ ለሚደረግ የሞተር ብስክሌት) ውድድር የተሠራ ማሽን ነው። መብራት የለውም፣ መስታወት የለውም፣ ታርጋ ተለጥፎለት አስፋልት ላይ የሚወጣ አይደለም። ጋዝ አሰጣጡን ያላስተካከለ ጀማሪን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን በጀርባው ይጥለዋል። ሞተሩ ቀድሞውኑ በእጁ ላለ፣ ፍሪሲዮንና ጋዝ ማመጣጠን ለለመደ ነጂ ግን ነገሩ ይለያል። በደንብ ካዘጋጀው ከብዙ ሞተሮች የተሻለ ዊሊ ያስተምረዋል፤ የኋላ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸውና። እዚህ የምንገመግመው ከ2021 እስከ 2024 የወጡትን ሞዴሎች ነው። በ2021 ፍሬሙም ፍሪሲዮኑም ስለተቀየረ ከዚያ በፊት የተሠሩትን በዚህ መመዘን አይቻልም።

አንድ ሲሊንደር፣ 450 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ ነው። ነዳጅና ዘይት ተሞልቶ 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ኋላ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከ50 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው። አገር ቤት በመስክ ሥራ ላይ የምናውቃቸውን ያማሃ ኤጂ 100ን ወይም ዲቲ 125ን የነዳ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። በእነዚያ ፊቱን ለማንሳት መሪውን በክንድ መሳብና ፍሪሲዮኑን በኃይል መልቀቅ የግድ ነው። በዚህ ግን በሁለተኛ ማርሽ ጋዙን በፍጥነት መክፈት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ተማሪው የሚቸገረው ፊቱን በማንሳቱ ላይ አይደለም። ችግሩ ከተነሣ በኋላ የት ላይ እንደሚያቆመው ነው።

ለዚህ መልሱ የኋላ ፍሬን ነው። የኋላው ዲስክ 240 ሚሊሜትር ነው፤ ኃይሉ በቂ ነው፣ ፔዳሉም ሲረገጥ ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይነክስም። ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለበት ከፍታ ግን ለሞቶክሮስ አቀማመጥ ነው። ለዊሊ ወደ ኋላ ተጠግታችሁ ስትቀመጡ የእግራችሁ ጣት ወደ ላይ ስለሚነሣ ፔዳሉ ከጫማችሁ ሥር ይርቃል። ሞተሩን መቆሚያው ላይ አድርጉና በዊሊ አቀማመጥ ተቀመጡ፤ ቦት ጫማችሁን አድርጋችሁ ተረከዙን መርገጫው ላይ፣ የፊተኛውን ጫፍ ፔዳሉ ላይ አሳርፉ። ጫማው ሳይጫን ፔዳሉን እየነካ መቀመጥ አለበት። ካልነካ የፔዳሉን ማስተካከያ ዳዶ ፈታ አድርጋችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትርፍ እንቅስቃሴውን ጨርሶ ማጥፋቱ ነው። ያኔ ሸራው ዲስኩን ሳያቋርጥ ይታከካል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም በሚፈለግበት ሰዓት ልፍስፍስ ብሎ ይወርዳል። ካስተካከላችሁ በኋላ የኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩት፤ ያለ ምንም መያዝ መዞር አለበት።

ፍሪሲዮኑ ከ2021 ጀምሮ በገመድ መሆኑ ቀርቶ በዘይት የሚሠራ ሆኗል። ለዊሊ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በገመድ የሚሠራው ደጋግመው ሲጠቀሙበት ሲሞቅ የሚነክስበት ቦታ ይቀየራል፤ እጅ የለመደው ነጥብ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። በዘይት የሚሠራው ነጥቡን ይጠብቃል፣ በአንድ ጣትም ይያዛል። ጉድለቱ፣ ሸራዎቹ ሲያልቁ እጀታው አለመናገሩ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ጋዝ ሞልታችሁ ስትሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ የማይከተል ከሆነ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ስትቀይሩት የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ከፍታችሁ ማየት ነው።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያ ቁልፎቹ። በግራ እጀታ በኩል ያለው የሞተር ጠባይ መምረጫ ሦስት ደረጃ አለው፦ አንደኛው መደበኛ፣ ሁለተኛው ለስላሳ፣ ሦስተኛው ቁጡ። ለመማር ሁለተኛው ነው፤ ክርክር የለውም። ለስላሳው ጠባይ ላይ ጋዙ መጀመሪያ ሲከፈት ያለው ድንገተኛ መወርወር ይቀንሳል፣ የእጅ ስህተትንም ትንሽ ይሸከማል። የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያውን ግን አጥፉት። ይህ መቆጣጠሪያ ፊት ጎማ መነሣቱን አያውቅም። የሚከታተለው የሞተሩ ዙር የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው፤ ፍሪሲዮን ስትለቁ ጎማው የተንሸራተተ መስሎት ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። አንዴ ሲነሣ አንዴ ሳይነሣ እየቀረ እጃችሁን ያሳስተዋል። የውድድር መነሻ መቆጣጠሪያውም ለዚህ አይሠራም፤ እሱ ከመነሻ መስመር ለመፈትለክ የተሠራ ነው።

ሰንሰለቱን የሚያዞሩት ጥርሶች ብዛት ከፋብሪካ ፊት 13 ኋላ 49 ነው፤ ለመማር አትንኩት። አንደኛ ማርሽ ከመጠን በላይ አጭር ነው፤ ጋዝ ሲነካ ይወረወራል፣ ሲዘጋ ደግሞ ራሱን በኃይል ይይዛል፣ በዚህም ፊቱ ይዘላል። ሁለተኛ ማርሽ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። «ኋላውን 51 ብታደርገው ቶሎ ይነሣል» የሚል ምክር ይሰማል። እውነት ነው፣ ቶሎ ይነሣል፤ ግን ይህ ሞተር ቶሎ የመነሣት ችግር የለበትም።

ቦታው ጠንካራ አፈር፣ ድንጋይ የሌለው፣ ቢያንስ 100 ሜትር የሚሄድና በጣም ትንሽ ወደ ላይ የሚወጣ ቢሆን ይመረጣል። ትንሽ ዳገት ከሆነ ጋዙን ስትዘጉ ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። አስፋልት አይሁን፤ በዚህ ሞተር የአፈር መንገድ ጎማ አስፋልት ላይ መማር ጎማውንም ቆዳንም ይበላል። ሄልሜት፣ የጀርባና የደረት መከላከያ፣ የጉልበት መከላከያ፣ ጠንካራ ቦት ጫማ፣ ጓንት፤ አንዱም አይቀርም። የሞተር ማጥፊያ ገመድም ግዙ፤ አንዱ ጫፍ እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፣ ከሞተሩ ስትለዩ ይነቀልና ያጠፋዋል። ሞተሩ ከፋብሪካ ማጥፊያ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ጋዝ ተከፍቶ የወደቀ 450 ብቻውን ሲሄድ ማን ላይ እንደሚደርስ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ልምምድ ዊሊ አይደለም። በሁለተኛ ማርሽ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ ፊቱን አንድ ስንዝር ብቻ አንሱና በጋዝ ሳይሆን በፍሬን አውርዱት። ጋዙ በትንሹ ተከፍቶ እያለ ፔዳሉን ስትጫኑ ፊቱ ወዲያው ይወርዳል። ይህንን እግራችሁ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ደጋግሙት፤ ሳያሰልቻችሁ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ። ከፍ ያለ ዊሊ ላይ ፍርሃት ሲመጣ የሰው እጅ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፣ በዚያው ጋዙ ይብስ ይከፈታል። እግር ካልለመደ በዚያች ቅጽበት ፍሬን አይታወስም።

ከዚያ ወደ መቀመጫው ኋለኛ ሲሶ ተጠጉ። ክንድ ዘርጋ ይበል እንጂ ክርን አይቆለፍ፤ ጉልበት ታንኩን አይለቅ፤ ዓይን ፓራፋንጎው ላይ ሳይሆን ሩቅ መንገዱ ላይ ይሁን። ፍሪሲዮኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ሳቡ፣ ጋዙን እስከ ሩብ ድረስ ከፍ አድርጉ፣ ፍሪሲዮኑን ወደሚነክስበት ነጥብ በፍጥነት መልሱ፤ ጣታችሁ ግን ከእጀታው አይነሣ። ፊቱ ሲነሣ ጋዙን ትንሽ መልሱት። መሪውን በክንድ አትሳቡ፤ የሳበ ሰው ሁሌ በአንድ ክንድ አብልጦ ስለሚስብ ሞተሩ ወደ ጎን ያዘነብላል። መዘንበል ከጀመረ በጉልበት መግፋትና መሪውን ወዳዘነበለበት ትንሽ ማዞር ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ፍሬን ረግጦ ማውረድ ነው።

ሚዛኑ የሚገኝበት ቦታ ተማሪ ከሚገምተው በጣም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በታች እስካላችሁ ድረስ ፊቱን ወደ ላይ የሚይዘው የጋዝ ጭማሪ ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ብዙዎች ሁለተኛ ማርሽ አልቆባቸው ዊሊው የሚያበቃው ለዚህ ነው። መፍትሔው ማርሽ መጨመር አይደለም፤ ፊቱን በዝግታ ወደ ላይ ማስጠጋት ነው። ሚዛኑ ላይ ስትደርሱ ሞተሩ ድንገት ይቀላል፣ ጋዙ ፍጥነት መጨመሩን ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ የፍሬን ጫፍና የጋዝ ጫፍ ነው። ሚዛኑን አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ፔዳሉን ርገጡ። ፔዳሉ ካላዳነ መሪውን ልቀቁና በእግር ወደ ኋላ ውረዱ፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ መውደቅ ነው የሚጎዳው።

ሲወርድም ሥርዓት አለው። ጋዙን ድንገት ዘግቶ ከከፍታ ማፍረጥ የፊት ሾኩን ይመታል፣ የመሪውን ኩሽኔታ ይጎዳል፣ ነጂውን ወደ ታንኩ ይወረውረዋል። ፊቱ ሊያርፍ ሲል ትንሽ ጋዝ ስጡት፤ መሪው ቀጥ ብሎ ይረፍ፤ የፊት ፍሬኑ ላይ ጣት አይኑር። በተጣመመ ጎማ ማረፍ ወዲያው ይጥላል።

ሞተሩን የሚያደክመው ነገር ሙቀት ነው። አር የተባለው ሞዴል ራዲያተሩ ላይ ማራገቢያ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በሚሄድበት ነፋስ ብቻ ነው። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሪሲዮን እያንሸራተቱ መመላለስ በቶሎ ያፈላዋል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ሁለት ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ ረጅም ዙር እየሄዳችሁ አናፍሱት፤ በሚኒሞ ላይ አቁሞ «ይቀዝቅዝ» ማለት ግን ያብሰዋል፤ ካቆማችሁ አጥፉት። ረጅም ዊሊ የሚሄድ ሰው የዘይቱን ልክ ሁልጊዜ ማየት አለበት፤ ፊቱ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ልኩ የጎደለ ሞተር ላይ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። የጎማው ነፋስ 15 ፒኤስአይ አካባቢ ይሁን። በጣም ማጉደል ኋላውን የተረጋጋ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ካላማዳሪያው በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ይፈነዳል። የቸርኬ ሽቦዎቹንም በየልምምዱ መጨረሻ በእጅ ነካ ነካ እያደረጋችሁ የላላ ፈልጉ። በእግር ማስነሻ ስለሌለው ባትሪ የደከመበት ሰው ገፍቶ ካልሆነ አያስነሣውም።

ከፍታ ቦታ ላይ የሚማሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ነዳጅ የሚረጨው ሥርዓት ድብልቁን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አያመጣም። ይህ ለተማሪ ይጠቅመዋል። ግን እዚያ የለመደውን ጋዝ ይዞ ዱባይ ወይም ጅዳ ሄዶ በባሕር ጠርዝ ከፍታ ያንኑ የሚሰጥ ሰው ፊቱ ባልጠበቀው ፍጥነት ይመጣበታል። አዲስ ቦታ ላይ ከአንድ ስንዝሩ ልምምድ ጀምሩ።

ዋጋው አሜሪካ ውስጥ በ2021 ከቀረጥና ከማጓጓዣ ሌላ 9,599 ዶላር ነበር። ለውድድር ለሚፈልገው ሰው የሚገባው ዋጋ ነው። ዊሊ ብቻ ለሚፈልግ ግን የራሱ የሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤፍ ይሻላል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ጋዙ የማያስደነግጥ ነው። ፊቱን ለማንሳት ፍሪሲዮን በደንብ መጠቀም ይጠይቃል፣ እሱም ራሱ ትምህርት ነው። የ450ው መቀመጫ ከመሬት 965 ሚሊሜትር ስለሆነ አጠር ያለ ሰው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚቆመው፤ የጎን መቆሚያም የለውም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ዊሊ ሲማሩበት የኖረ ሞተር ምልክቱ አይጠፋም። የኋላ ፓራፋንጎው የተሰነጠቀ ወይም አዲስ ከሆነ፣ የማርሚታው ጫፍ ከተፋቀ፣ መቀመጫውን የተሸከመው ፍሬም ከኋላ ሲታይ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በጀርባው ወድቋል ማለት ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ መሪውን በዝግታ ከጎን ወደ ጎን አዙሩ፤ መሀል ላይ ቆም የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ተመትቷል። የፊት ሾኩን ቱቦዎች በጨርቅ ጠርጉና አምስት ስድስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ፤ የዘይት ቀለበት ከታየ የዘይት መያዣ ላስቲኩ ይቀየራል፣ ይህንንም ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።