ጎንደር ውስጥ የመሪ ዘይት ፍሳሽን በአግባቡ የሚጠግን ጋራዥ

በአዘዞ መስመር የሚገኘው ይህ ጋራዥ የመሪ ዘይት ያፈስ የነበረውን አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ መኪናዬን የጠገነበት መንገድ ሊመሰገን ይገባል። መካኒኩ ኮፈኑን እንደ ከፈተ «የመሪ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ይቀየር» አላለም፤ ይልቁንም ዘይትና አቧራ የተጋገረበትን አካባቢ አጥቦ ካደረቀ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ረዳቱ መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያዞር አደረገና፣ ቀዩ ዘይት ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ከሚመልሰው ቱቦ ጫፍ፣ ቱቦውን አጥብቆ ከሚይዘው ክላምፕ ሥር፣ ጠብ ጠብ ሲል አሳየኝ። የተሰነጣጠቀውን ቱቦ ከነክላምፑ ቀየረው። ከፓምፑ ወደ መሪው ሳጥን የሚሄደው ቱቦ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛ ግፊት ስለሚሸከም በተራ የጎማ ቱቦ እንደማይተካም አስረዳኝ።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የመጨረሻው ሥራ ነው። ዴክስሮን 3 የተባለውን የመሪ ዘይት ከሞላ በኋላ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ በማዞር አየሩን አስወጣ፤ ውስጡ አየር የቀረበት መሪ ይጮኻልና፣ ዘይቱም አረፋ ይሠራል። አሁን ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ስወጣ መሪው ቀሎኛል።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ሆኖም የዕቃውና የእጅ ዋጋው በደረሰኙ ላይ ተለይቶ ስላልተጻፈ፣ ደንበኞች ሥራው ከመጀመሩ በፊት በዝርዝር እንዲያስጽፉ እመክራለሁ።