ሳያሳዩ የማይዘጉት ባለሙያ

የመኪናዬን የፊት ክፍል የጠገኑልኝን የላሜራና የቀለም ባለሙያ በቃሌ ላመሰግን ወደ ግቢያቸው ተመልሼ ሄጄ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት «መብራቱ ደህና ነው? ውኃ አላንጠባጠበም?» እያሉ ወደ መኪናዋ ጎንበስ ስላሉ፣ ስመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ሁሉ ትቼ «ደህና ነው ጋሼ» ብዬ ብቻ ተመለስኩ። የዚያን ቀን በሆዴ ያስቀረሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ቀላል ግጭት ደርሶበት መኪናውን ለማን እንደሚሰጥ የተቸገረ ሰውም ካለ ይጠቀምበት።

ግጭቱ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። በመኪና ሰልፍ ውስጥ በዝግታ እየተጓዝን ሳለ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመ፣ እኔም ፍሬን ለመርገጥ ለቅጽበት ዘገየሁ። ከኋላ የመታሁት እኔ በመሆኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልካድኩም። የእሱ መኪና ከትንሽ ጭረት በቀር ምንም አልሆነችም፤ የእኔ ግን ፓራውልቷ (የፊት መከላከያዋ) በቀኝ በኩል ተሰንጥቆ፣ ግሪሏ ተሰብሮ፣ የቀኙ የፊት መብራት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የኮፈኗም (የሞተር ክዳኗ) ጫፍ በትንሹ ተነሥቶ ቀረ። ሰው አልተጎዳም፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት፣ ኤርባግም አልፈነዳም። ስለዚህ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሰጠሁበትን ጋራዥ ስም አልጠራም፤ የተነሣሁት ለማመስገን ነውና። ይሁን እንጂ ያየሁትን ሳልናገር ባልፍ የኋለኛው ምስጋናዬ ክብደቱ አይታወቅም። መኪናዬን ስሰጥ በ4 ቀን ትደርሳለች ተባልኩ። በ5ኛው ቀን ስደውል «ነገ» አሉኝ፤ በማግስቱ «ቀለሙ እየደረቀ ነው» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሣው አልተገኘም። በአካል ስሄድ መኪናዬ ፓራውልቷ ተነቅሎ፣ አቧራ ለብሳ፣ ካቆምኳት ጥግ ንቅንቅ ሳትል አገኘኋት፤ የሚደርቅ ቀለም ቀርቶ የተነካ ብሎን እንኳ አልነበረም። እንዲህ እየተባባልን 3 ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የጠሩኝ አመሻሽ ላይ ነበር። በአንድ ደብዛዛ አምፖል ሥር «አዲስ አስመሰልንልሽ» ተብዬ ቁልፌን ተቀበልኩ፣ ገንዘቡንም ቆጥሬ ሰጠሁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳያት ግን ፓራውልቱ ሌላ ብርማ፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ሌላ ብርማ ሆኖ፣ ከሁለት መኪና ተቆርጣ የተገጣጠመች ትመስል ነበር። ቀለም የተቀባ መኪና ሊረከብ በማታ የተጠራ ሰው፣ እባካችሁ፣ «ጠዋት እመጣለሁ» ይበል።

ቀለሙን ቻልኩት። በ2ኛው ሳምንት ግን የፓራውልቱ የቀኝ ጫፍ ወደ መሬት ማዘንበል ጀመረ፤ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ስነዳ ከፊት የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማል፤ ዳሽቦርዱ ላይም ከጋራዡ ካወጣኋት ጀምሮ የበራው የኤርባግ ምልክት አልጠፋ አለ። ከሁሉ የገረመኝ የማታው ነገር ነበር። ሲጨልም ከፊት ለፊቴ የሚመጡ ሾፌሮች ረጅም መብራታቸውን ብልጭ ያደርጉብኛል፣ አንዳንዱም ክላክስ ይጨምርበታል። የራሴን ባየው አጭሩ ላይ ነው። «ይህ ሁሉ ሰው ምን ነካው?» እያልኩ ስንቱን በልቤ ረግሜዋለሁ። ያን እርግማን በኋላ አንድ በአንድ መልሼ ዋጥኩት፤ እደርስበታለሁ።

ቅሬታዬን ይዤ ስመለስ የፓራውልቱን መውረድ «ድሮም እንዲህ ነበር» አሉኝ። ስለ ኤርባጉ ምልክት ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ «እሱ ምንም አይደለም፣ ይለመዳል» ነው የተባልኩት። ተስፋ ቆርጬ ወደ ሌላ ቦታ ብወስዳት እዚያ ያሉት ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ኮፈን፣ ሁለቱም መብራቶች፣ ራዲያተር (የሞተሩ ማቀዝቀዣ)፣ ሁለቱም ፓራፋንጎዎች ይቀየሩ የሚል ረጅም ዝርዝር ጻፉልኝ። የእያንዳንዱን ምክንያት ስጠይቅ ልጁ እጁን እየጠረገ «ባለቤትሽን ላኪው፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። መኪናዋ የእኔ፣ የነዳኋትም እኔ፣ ያጋጨኋትም እኔ ነኝ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

እኚህን ባለሙያ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፤ ግን ሳያሳዩሽ አንድ ነገር አይዘጉም» አለችኝ። አነጋገሯ በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ስደርስ ስለ ዋጋ ከማውራታቸው በፊት መኪናዋን በዝምታ ዞሩ፣ ተቀምጠው ከሥር አዩ፣ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት በጣታቸው እየዳበሱ በግራም በቀኝም ለኩ። ከዚያ «ከግጭቱ ወዲህ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል? የሙቀቱ መለኪያስ ከወትሮው ከፍ ብሎ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዬ ምን እንደሚሰማት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይነግረኝ ነበር እንጂ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ፓራውልቱን አውርጄዋለሁ። መጥተሽ እስክታዪው ድረስ እጄን አላስገባም» አሉኝ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የእጅ ባትሪ አስያዙኝና አጠገቧ አስቀመጡኝ። ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ጀርባ ግጭት የሚያበርድ ወፍራም ፎም እንዳለ፣ ከፎሙም በስተጀርባ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ አግድም ብረት እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ለካ ከውጭ የምናየው ፓራውልት ልብሱ ነው፤ የሚመክተው ከውስጥ ያለው ነው። የእኔ ፎም በቀኝ በኩል ተፈርፍሮ አልቆ ነበር። ብረቱም እንደታጠፈ ነው። በላዩ አዲስ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ደርበውበት፣ መያዣው የተሰበረውን ጫፍ በሽቦ ጠፍረው አስረውታል፤ ተራ፣ የዛገ ሽቦ። የመብራቱ አንደኛው ጆሮም ተሰብሮ በዚያው ሽቦ ተንጠልጥሏል።

ባትሪውን ወደ ታች እንዳበራ ነገሩኝና አንዲት ትንሽ ሶኬት ከገመዷ ጋር ተንጠልጥላ አሳዩኝ። ግጭት ሲመጣ ለኤርባጉ መልእክት የሚያደርሰው የፊት ሴንሰር ሶኬት ናት፤ ሲፈቱ ነቅለው ሲገጥሙ ረስተዋታል። ይለመዳል የተባልኩት ምልክት ይኸው ነበር። በዚያ ሁኔታ ሌላ ግጭት ቢመጣ ምን ይፈጠር እንደነበር አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ከመልኬ ሳያነቡ አልቀሩም፣ «አይዞሽ፣ አሁን አየነው አይደል» አሉኝ። ልጆቼን ከኋላ ጭኜ 2 ሳምንት እንደነዳሁ እያሰብኩ እዚያው ተቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ስለ ቀደሙት ሰዎች ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩም። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው በእጄ አስቀመጡልኝ እንጂ።

ቀጥለው ወረቀት አወጡና ከመሐል አሰመሩበት። በአንድ በኩል «ግድ»፣ በሌላው በኩል «ሊቆይ የሚችል» ብለው ጻፉ። አግድሙ ብረት፣ ፎሙ፣ የፓራውልቱ መያዣና የሴንሰሩ ሶኬት በግድ በኩል ገቡ። ኮፈኑ ግን መቀየር እንደማያስፈልገው፣ የተዛባው መቆለፊያውን የተሸከመው ከራዲያተሩ በላይ ያለው ብረት እንደሆነና እሱ ተስቦ ወደ ቦታው ሲመለስ ኮፈኑም ልክ እንደሚገባ ነገሩኝ። መቆለፊያው ሁለት ደረጃ አለው፤ የእኔ በሁለተኛው መጠባበቂያ መንጠቆ ብቻ ተይዞ ነበር የከረመው። የሚንቋቋው ድምፅ እሱ ነው። እየነዳሁ ሳለሁ ተከፍቶ መስታወቱ ላይ ቢጋደም መንገዱን ጨርሶ ይጋርደኝ ነበር። ከሁለቱ መብራቶች ሊቀየር የሚገባው አንድም አልነበረም፤ የተሰበረው ጆሮ ይጠገናል። ራዲያተሩን ገና ሳይፈትሹት ይቀየራል ለማለትም፣ ደህና ነው ለማለትም አልደፈሩም።

ፍተሻውን እንዴት እንዳደረጉት ሙሉ በሙሉ አልገባኝም፤ በመሣሪያ ግፊት ሰጥተው ያዩ ይመስለኛል። የገባኝ ግን የካርቶኑ ነገር ነው። ሞተሩን አሙቀው ካጠፉ በኋላ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር አንድ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው አሳደሩበት። ጠዋት ስደርስ ካርቶኑን አንሥተው ወደ ብርሃን ዘረጉልኝና «ፈልጊ» አሉኝ። ባገላብጠው አንዲት ጠብታ የለበትም። ራዲያተሩ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ሌላው ቦታ እኮ ኮፈኑን ሳይከፍት ይቀየር ብሎኝ ነበር!

በቀለም ሥራው ላይ ብዙ ብል እሳሳታለሁና ባጭሩ አልፈዋለሁ። በሩን ስንከፍት ከምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ የቀለሙን ቁጥር አነበቡ፤ ቢሆንም ፀሐይ ያገኘው ቀለም ከፋብሪካ እንደወጣ ስለማይቆይ በቁጥሩ ብቻ የተቀመመ ቀለም አይገጥምም አሉ። በትንሽ ቁራጭ ላይ እየቀቡ፣ እያደረቁ፣ ፀሐይ ላይ ከመኪናዋ ጎን እያቆሙ ሦስት ጊዜ ቀየሩት። ፓራውልቱን ቀብተው ሲያበቁ አዲሱን ቀለም ወደ ፓራፋንጎዎቹ እያሳሱ አጠፉት፣ ዓይን ድንበሩን እንዳያገኝ። የቀድሞው ቀለም ከፕላስቲኩ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ነበር፤ ለፕላስቲክ የሚሆን ሥረ ቀለም ሳይቀባ በላዩ ስለተረጨ ነው አሉኝ።

አሁን ወደ ማታው ነገር ልመለስ። ሥራው ያለቀ ዕለት መኪናዋን ቀን አሳዩኝ፤ ፀሐይ ላይ በአራት ወገን ዞሬ አየኋት። ቁልፉን ግን አልሰጡኝም። «እስኪጨልም ጠብቂ፣ አንድ ነገር ቀርቶናል» አሉኝ። ሲመሽ ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ ፊት ለፊት አቆሟትና አጭሩን መብራት አበሩ። የግራው ብርሃን ዝቅ ብሎ ሲያርፍ የቀኙ ከሱ በላይ ከክንድ በሚበልጥ ከፍታ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ከፊትሽ የሚመጣውን ሰው ዓይን ዓይኑን ነበር የምትዪው» ሲሉኝ ያ ሁሉ ክላክስ፣ ያ ሁሉ ብልጭታ ባንዴ ትዝ አለኝ። ሰዎቹ ለካ ጨዋዎች ነበሩ። ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት ሲያዞሩ ብርሃኑ ከግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ከጓደኛው እኩል ሲቆም እያየሁ ሳላስበው አጨበጨብኩ። እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉልኝን ማንም ባለሙያ የማድረግ ግዴታ የለበትም። ከግጭቱ ወዲህ ከፊቴ መኪና ሲቆም እጄ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ግን መኪናዋን ሳስነሣ አይተውኝ ነው መሰል፣ «መሪው መሳብ አለመሳቡን አብረን እንየው» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ጨለማ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል አዞሩኝ። ስለ መሪው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። የቀረውን መንገድ በሙሉ «ቀስ፣ እርቀት ያዢ፣ እንዲያ ነው» እያሉ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሚያውቁኝ አባት ይዘውኝ ሄዱ። ስመለስ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

የከፈልኩት ወረቀቱ ላይ የተነጋገርነውን ብቻ ነው፤ ሲጨርሱ «ይህም ተጨመረ፣ ያም ተገኘ» የሚል ነገር አልመጣም። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች በከረጢት አድርገው «ያንቺ ናቸው» ብለው ሰጡኝ። የታጠፈውን ብረት ጣልኩት፤ ሽቦው ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ስለዚህ አጥብቄ እመክራለሁ፦ መኪናችሁ ከፊት ተመትታ ከሆነ፣ ይልቁንም «ትንሽ ናት» ተብላ ቀለም ብቻ ከተቀባች፣ እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ይዩላችሁ። ሌላ ቦታ የምትሰጡም ብትሆኑ ፓራውልቱ ወርዶ ሳታዩ፣ የኤርባጉ ምልክት ሳይጠፋ፣ መብራቱም ግድግዳ ላይ ሳይለካ አትረከቡ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ ያልጻፍኩት እሳቸው ስለከለከሉኝ ነው፤ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ «ሰው ከበዛብኝ እንደ ልቤ አልሠራም» አሉኝ። በግል ለሚጠይቀኝ ግን አልነፍግም፣ ይህን ፈቅደውልኛል። የሚቸኩል ሰው አይሂድ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መኪና በላይ አይቀበሉምና ወረፋ ይጠብቃል። ስትደውሉላቸው ወዲያው ካላነሡም አትቀየሙ፣ እጃቸው ቀለም ስለሚሆን ነው፤ ማታ ታጥበው ሲቀመጡ መልሰው ይደውላሉ።