ደብረ ማርቆስ ላይ ላፕቶፔን ያዳነልኝ ጥገና ቤት

ላፕቶፔ በርቶ ለሥራ እስኪደርስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይቀርብ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩለት ባለሙያ ሳይፈታው «ሶፍትዌር ነው» ብሎ ዊንዶውስ እንደገና ጫነበት፤ ሒሳቡንም ተቀበለ። በሳምንቱ ያው ሆነ።

መናኸሪያው አካባቢ ያለችው ጠባብ ጥገና ቤት ግን ሌላ ናት። ወጣቱ ጠጋኝ ላፕቶፑን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «ይስሙት፣ ጋሼ» አለኝ። ቅርር፣ ቅርር ይላል። «ሶፍትዌር እንዲህ አይጮህም፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው።» ሲፈታው ከማቀዝቀዣው የወጣው አቧራ የጤፍ አውድማ ያስንቃል! ከሁሉ በፊት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀቶች ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠልኝ፤ ይህን ሳልጠይቀው ማድረጉ ልቤን ማረከው። ከዚያ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከረውን አሮጌ ዲስክ አውጥቶ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ተካበት። ራሙንም፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማህደር፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደገው።

አሁን ስኳር አማስዬ ሳልጨርስ ይከፈታል።

ቅሬታም አለኝ፤ በሁለት ቀን ያለኝን በአምስተኛው ቀን አስረከበኝ። ከሥር አንድ ብሎን ጎድሏል። ስጠይቀው «ድሮም አልነበረም» አለኝ። አላመንኩትም።