የአልትራሳውንድ አየር መፈለጊያ፦ ቀዳዳውን ያገኛል፣ ቁጠባው ግን ሌላ ሥራ ነው

ማሽኖች በሚጮሁበት ቦታ የታመቀ አየር የሚያፈስበትን ቀዳዳ በጆሮ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በእጅ የሚያዘው የአልትራሳውንድ መፈለጊያ ይህን ችግር በደንብ ይፈታል። በጠባብ ቀዳዳ የሚሾልክ አየር ጆሮ የማይደርስበትን ድምፅ ጭምር ያወጣል፤ መሣሪያው 40 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን ይይዝና ለውጦ በማዳመጫው ያሰማል። የሞተር ጫጫታ አብዛኛው ከዚያ በታች ስለሆነ ሥራ ማቆም አያስፈልግም።

ሲጀምሩ ሴንሲቲቪቲውን (ድምፅ የመያዝ አቅሙን) ከፍ አድርጎ ድምፁ የሚበረታበትን አቅጣጫ መለየት፣ እየቀረቡ ሲሄዱ ደግሞ መቀነስ ነው። ካልተቀነሰ መለኪያው ጥግ ላይ ይለጠፍና ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስላል። መጨረሻ ላይ የጎማ ጫፉን ገጥሞ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ማዳመጥ ነው። ድምፅ ከቆርቆሮና ከግድግዳ ነጥሮ ስለሚያሳስት የተጠረጠረውን ቦታ በወፍራም ጨርቅ መጋረድ ይረዳል፤ በባዶ እጅ ግን በፍጹም።

በዋናው ቧንቧ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያዋጣም። አብዛኛው ጉድ ያለው ማሽኑ አጠገብ ባሉት የመጨረሻ ሜትሮች ነው፦ ኦሪንጉ (አየር የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ያለቀ ፈጣን መገጣጠሚያ፣ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) የላላ ጎማ፣ የፊልተርና የሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ) ክር። ውሃ ማስወገጃ ቫልቩም አይዘለል። ውሃውን ሲተፋ ለአፍታ አየር ቢከተል ጤነኛ ነው፤ ሳያቋርጥ ከነፋ ቆሻሻ ይዞት ሳይዘጋ ቀርቷል። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሰከንድ 10 ሊትር ያህል አየር ያባክናል፤ ይህን ለመተካት ኮምፕረሰሩ (አየር የሚያምቀው ማሽን) ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል።

ድክመቶችም አሉት። ቀስ ብሎ የሚወጣ ጥቂት አየር በቂ ድምፅ ስለማያሰማ የሳሙና ውሃ አሁንም ያስፈልጋል። አንዳንድ ሞዴሎች በስክሪን የሚያሳዩት የሊትር ግምት በርቀት፣ በግፊትና በቀዳዳው ቅርጽ ስለሚለዋወጥ የትኛው ይቅደም ለማለት እንጂ ለሒሳብ አይሆንም።

ለሒሳብ የሚሆነው ሰዓት ነው። አየር ተጠቃሚዎቹን ሁሉ አቁሞ ኮምፕረሰሩ ስንት ደቂቃ እንደሚጭን (አየር እንደሚያምቅ)ና ስንት ደቂቃ ሳያምቅ ባዶውን እንደሚዞር መለካት ነው። 1 ደቂቃ ጭኖ 4 ደቂቃ ባዶውን ከዞረ፣ ከአቅሙ 20 በመቶው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ከጥገናው በፊትና በኋላ መለካት የግድ ነው።

ቀዳዳው ተደፍኖ የኮምፕረሰሩ መቆጣጠሪያ ካልተነካ ግን የመብራት ሒሳቡ የሚጠበቀውን ያህል አይቀንስም። ቋሚ ፍጥነት ያለው ኮምፕረሰር ባዶውን ሲዞር እንኳ ከሙሉ ኃይሉ ሩብ እስከ ሲሶ ይበላልና በራሱ የሚጠፋበትን ሰዓት ቆጣሪ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ሞተሩ በሰዓት ስንት ጊዜ መነሳት እንደሚችል ከመመሪያው አይቶ። ግፊቱንም ማሽኖቹ እስከፈቀዱ ድረስ ማውረድ ነው፦ ከ7 ወደ 6 ባር ሲወርድ ኃይሉ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ የቀሩት ቀዳዳዎችም የሚያፈሱት ያንሳል።

አንድ ትንሽ ኮምፕረሰርና ጥቂት ሜትር ጎማ ላለው የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። መስመሩ ረጅም ለሆነ ግን መሣሪያው ያዋጣል። ሲገዛ ስክሪኑን ትቶ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫና የጎማ ጫፍ አብሮት መኖሩን ማየት ነው።