ያገለገለ አይፎን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ደብረ ማርቆስ ላይ ያገለገለ አይፎን ለመግዛት ብር የቋጠራችሁ ካላችሁ፣ ለጊዜው እንደቋጠራችሁት ይቆይ። የኔ ሄዷል። ወደ 50 ሺህ ብር።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ሥር ሰማያዊ መብራት የበራለት፣ ደጁ ላይ ስፒከር የሚያንባርቅበት፣ ሦስት አራት ጎረምሳ ተለጥጦ ቲክቶክ የሚያይበት ሱቅ ነው። እዚያ ሁሉም ስልክ «ስላይትሊ ዩዝድ» ነው። ሁሉም «ፋክተሪ አንሎክ» ነው፤ በማንኛውም ሲም ይሠራል ለማለት ነው። ሁሉንም አሜሪካ ያለ ዘመድ ለራሱ ገዝቶ ነው የላከው። ያን ሁሉ ዘመድ ከየት እንዳመጡት እንጃ።

የገዛሁት አይፎን 12 ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጄ። ቻርጀሩን ለብቻው አስከፈሉኝ። «ጋሼ፣ አፕል ራሱ ቻርጀር አይሰጥም እኮ!» አለኝ ሻጩ። ይቺን እንኳ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ2020 አይፎን 12 ሲወጣ አፕል ቻርጀሩን ከካርቶኑ አውጥቶታል። ለአካባቢ ጥበቃ ነው ብሎ። ሳምሰንግ መጀመሪያ ሳቀበት፤ ወዲያው በ2021 ራሱም ተከተለው። አካባቢው ተጠበቀ፣ እኔ ደግሞ ኮፒ ቻርጀር ገዛሁ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ሻጩ ስልኩን አብርቶ፣ ካሜራውን አሳይቶ፣ ሲም ካርዴን አስገብቶ አስደወለኝ። ሁሉም ይሠራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶም አሳየኝ፤ ምንም የለበትም። ብሩን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ወደ በር ሸኘኝና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ አንድ ነገር ልምከርዎት። ሪሴት ምናምን እንዳያደርጉት። አፕዴት አድርግ ቢልዎትም ይተዉት። አይፎን ካልነካኩት ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል።»

እንደ ልጅዎ! መርቄው ነው የወጣሁት።

ልጄ ለዕረፍት እስክትመጣ ስልኩን እኔው ያዝኩት። እንከን አልነበረበትም። ስትመጣ «አባዬ፣ ያንተን አጥፍቼ በራሴ አካውንት ልክፈተው» አለች። ትክክል ናት፤ ስልክ ሲሰጥ የሚደረገው ይኸው ነው፣ ኩባንያው ራሱ አድርጉ የሚለው። አጠፋችው፤ ሪሴት የሚሉት ይኸው ነው፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር። ስልኩ ተነሣ፣ ቋንቋ ጠየቀ፣ ዋይፋይ ጠየቀ። ዋይፋዩን እንዳገኘ «ሪሞት ማኔጅመንት» (ከርቀት የሚደረግ ቁጥጥር) የሚል ገጽ መጣ። ከሥሩ ሰምተነው የማናውቀው የአሜሪካ ድርጅት ስም አለ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ማለፊያ የለውም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው» አለች ልጄ። ፊቷን ባያችሁት።

ወደ ሱቁ ይዤው ሄድኩ። ስልኩን ለሻጩ ሰጠሁት። ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። እኔ አፌን አልከፈትኩም። እሱም ምን ሆነ አላለም፤ እስኪ ልየው አላለም። አላበራውም። መዳፉ ላይ አገላብጦ፣ ጥቁሩን መስታወት እያየ፣ «ሪሴት አድርጋችሁታላ» አለ።

አያችሁ? ስልክ በምን በምን ይበላሻል፤ ይወድቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ባትሪው ይሞታል። ይሄ ሰው ግን የኔ ስልክ በምን እንደሚመለስለት ከሸጠልኝ ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። «እንደ ልጅዎ» ያለኝ ምክር ምክር አልነበረም። ወጥመዱን የት እንዳስቀመጠ ነው የነገረኝ፣ በኋላ «ብዬህ ነበር» እንዲል።

ብሎኝም ነበር። «አትንካው ብዬህ ነበር፤ ማን ንካው አለህ?» ሲሸጥ ጋሼ ነበርኩ፣ እርስዎ ነበርኩ። ስመልስ አንተ ሆንኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

«ዋስትና ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። «ዋስትናው ለሀርድዌር ነው፤ ይሄ ሶፍትዌር ነው» አለኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። ደረሰኙ «አንድ ሞባይል» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። የሞዴል ስም የለ፣ ሲሪያል የለ። «ይሄ ስልክ ከኛ የተገዛ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?» አለ። ከጥግ የተቀመጠው ጎረምሳ ዓይኑን ከቲክቶኩ ሳይነቅል፣ «ለጋሼ ባለ ቁልፏ ኖኪያ ትሻላቸው ነበር» አለና ሁሉም ሳቁ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር። ከነዚህ ልጆች መካከል ያስተማርኩት እንዳይኖር ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ሻጩ በመጨረሻ ያዘነልኝ መስሎ፣ «ለስፔር ከሆነ በ8 ሺህ ልውሰደው» አለ። ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩን የገለጠልኝ ሌላ ሠፈር ያለ የስልክ ጠጋኝ ነው። አሜሪካ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ስልክ በጅምላ ይገዛሉ። የእያንዳንዱ ስልክ ሲሪያል ቁጥር በድርጅቱ ስም አፕል ዘንድ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሪሴት ተደርጎ በተነሣ ቁጥር ኢንተርኔት ሲያገኝ ጌታዬ ማነው ብሎ ይጠይቃል። ድርጅቱ ስልኩን ሲያስወግድ ከመዝገቡ መፋቅ አለበት። ሳይፋቅ የተሸጠው፣ ከሠራተኛ እጅ የተሰረቀው፣ ሁሉም ተቀላቅሎ በርካሽ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ በኮምፒውተር ያቺን ገጽ ያዘልሏታል። «ባይፓስ» ይሉታል። መዝገቡ ግን እዚያው ነው። ሪሴት ስታደርጉት ገጹ ይመለሳል። ጠጋኙ እንደገና ባይፓስ ላድርገው አለኝ። የሰው ንብረት መሆኑን አውቄ እንዴት ብዬ ለልጄ እሰጣታለሁ?

ሻጩን አፈር ያስበላው፤ ግን አፕልንም አልምረውም። አይፎንን በባለቤቱ አካውንት የሚቆልፈው አክቲቬሽን ሎክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመጣ ሌባ ለማስቆም ነበር፤ ደግ ሐሳብ ነው። ግን ቁልፉን ሠርቶ ዓለም ላይ ሲበትን፣ ቁልፉ ሥር የሚወድቀው ሰው የት ሄዶ ይጠይቅ? አፕል በመላው አፍሪካ አንድም የራሱ መደብር የለውም። እንደኔ ዓይነቱን መዝገብ ደግሞ አፕል ራሱ አይፍቅም፤ ድርጅቱን ጠይቁ ነው የሚለው። እኔ ከማርቆስ ተነሥቼ የማላውቀውን የአሜሪካ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ልለምን!

ክሱም ካሣውም ለውጭ አገር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ የቆዩ ስልኮችን በሶፍትዌር እንደሚያዘግም አመነ፤ በድንገት እንዳይጠፉ ነው ብሎ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ክሱን ለመዝጋት እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጎጃም ውስጥ አይፎን 6 ይዞ ሲያዘግም የነበረ ሰው አምስት ሳንቲም አላየም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ ደግሞ በአካውንት ከተቆለፈ ስልክ የተፈታ ስክሪንና ባትሪ ሌላ ስልክ ላይ ሲገጠም የድሮውን ባለቤት ፓስወርድ ይጠይቃል። ነገ ብሎኑም ይጠይቅ ይሆናል።

እና ምን ይደረግ ለምትሉ፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት ያድርገው። ዋይፋይ ላይ አስገብቶ ከ«ሄሎ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይክፈተው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ የሚከፍል የለም። «ዛሬ ኔት የለም» ይላችኋል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ዳታ ተዘግቶብን ብዙ ወር ስለከረምን ይሄን ሰበብ ቶሎ እናምናለን፤ ኔት እስኪመጣ ብራችሁ ኪሳችሁ ይቆይ። ደረሰኙ ላይም ሲሪያልና አይኤምኢአይ (IMEI) የሚባሉትን የስልኩን መለያ ቁጥሮች አስጽፉ።

የሱቁን ስም እዚህ አልጻፍኩም። ጉዳዩን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። በዚህ ሳምንት ማርቆስ ላይ ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።